ረጅሙ ካንዴላ

«ሙላቴ እዚያው አይደል እንዴ የሚውለው? ወንድሜን በሐሰት ሲያነሡት ሰምቶ ዝም አይልም» ስትል ጥሩወርቅ፣ ሙላቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን እያሰረ ነበር። ሚስቱ ጓሮ በር ላይ ቆማ የምታነጋግረው ጎረቤታቸውን ብዙነሽን ነው። ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ላዩ ላይ የተለጠፈው ጋዜጣ ከጉና ተራራ የሚወርደውን ብርድ ትንሽ ይመልስ እንደሆነ እንጂ ወሬ አያግድም። ብዙነሽ ከቀበሌ የሰማችውን ታቀብላታለች። ጋሽ ካሳው ዛሬ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከታሰሩበት ወጥተው ሙላቴ በሚሠራበት መሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ ይቀርባሉ፤ ወረቀቱ ላይ «አሻጥር» የሚል ቃል ተጽፏል፤ ያ ቃል ከተጻፈ ደግሞ ነገሩ እዚህ ደብረ ታቦር አይቀርም፣ ጎንደር ይተላለፋል። «ጎንደር የተወሰደ ሰው እኮ...» ብላ ጀምራ ተወችው። ጥሩወርቅ ግን «ባሌ አለ» አለቻት እንደገና፣ ሌላ የሚያስፈልግ ነገር እንደሌለ ሁሉ። ሙላቴ የጫማውን ክር አስሮ ፈታው፤ መልሶ አሰረው።

የሚኖሩባት ክፍል የቀበሌ ቤት ናት፤ ኪራይዋ በወር ስድስት ብር ከሃምሳ። አንድ አልጋ፣ አንድ የእንጨት ሳጥን፣ ሁለት ዱካና አንድ ማሾ አላት። ከአልጋው በላይ በመስታወት የተሸፈነው የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀት ተሰቅሏል። ሙላቴ ማንበብና መጻፍ መቻሉን የሚመሰክረው ይህ ወረቀት ሲሰጠው ጋሽ ካሳው ናቸው መስታወቱን አስቆርጠው ያመጡለት። ጋሽ ካሳው የጥሩወርቅ ታላቅ ወንድም ናቸው። እናታቸው ስትሞት የሰባት ዓመት ልጅ የነበረችውን እኅታቸውን አሳድገው የዳሯት እሳቸው ናቸው፤ ሙላቴንም መኪና መንዳት ያስተማሩት፣ ለመንጃ ፈቃዱ ጎንደር ድረስ አብረውት የሄዱት እሳቸው ናቸው። ጥሩወርቅ ገብታ የድንች ወጥና እንጀራ ያለበትን ሳህን በጨርቅ ቋጥራ ሰጠችው። «ትኩስ ነው፤ ፈጠን በልለት። ደግሞ ብርድ ልብሱን ይበቃው እንደሆነ ጠይቀው» አለችው። ዓይኗን ሳያይ ተቀበላት። ከትናንት ወዲያ ማክሰኞም፣ ትናንትም እንዲሁ ሳያያት ነበር የተቀበላት።

የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ከገበያው በላይ ነው። ሙላቴ ዳገቱን ቀስ ብሎ ወጣው። ያገኘው ሰው ሁሉ ኮፍያውን አንሥቶ ሰላም ሲለው፣ ሰላምታው ለሌላ ሰው የታሰበ ይመስለው ነበር። የሆነውን ነገር ከሥሩ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ ቢያንስ እሱ እንደዚያ ነበር የሚያስበው። ባለፈው ሳምንት እሱ የሚነዳት የመሥሪያ ቤቱ ቮልስዋገን ሞተሩን የሚያቀጣጥሉት ካንዴላዎቿ አርጅተው ጠዋት ጠዋት አልነሣ ስትል፣ መካኒኩ ጋሽ ካሳው ከአራቱ አንዱን ነቅለው በወረቀት ጠቅልለው ሰጡት፤ በቦታው ሌላ ከጋራዣቸው ያገኙትን አሮጌ አስገቡ። «ባሕር ዳር ስትወርድ ይህን አሳይተህ ልኩን ግዛ። ከመግጠምህ በፊትም አሳየኝ» አሉት። ቅዳሜ ኃላፊውን ጓድ ደሞዜን ይዞ ወረደ። ሱቁ ውስጥ ሁለት ዓይነት ነበረ፤ የሁለቱም ዋጋ አራት ብር ከሃምሳ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው በፈረንጅ ፊደል ነው፤ የሙላቴ ምስክር ወረቀት ደግሞ ለፈረንጅ ፊደል አይሠራም። ሻጯ «አንገቱ አጭር ነው ረጅም የምትፈልገው?» ብላ ስትጠይቀው እጁን ኪሱ ከተተ፤ ጣቱ በወረቀት የተጠቀለለውን ነካ። ይሄኔ ከኋላው ሲጋራ ሲገዙ የነበሩት ጓድ ደሞዜ ሳቁና «ሹፌር አይደለህም እንዴ? እሷ ናት የምትነግርህ?» አሉት። ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሌሎች ሰዎችም ሳቁ። ሙላቴ ጥቀርሻ የለበሰውን አሮጌ ካንዴላ እዚያ ሁሉ ሰው ፊት ማውጣት አፈረ። «ረጅሙን» አለ፤ ዋጋው ካልተለየ ረጅሙ ሳይሻል አይቀርም ብሎ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ራሱ ገጠማቸው። ለጋሽ ካሳው ያላሳየው፣ ቢያሳያቸው «ይህን ማን ግዛ አለህ?» እንዳይሉት ነበር።

ሰኞ ወደ ገሳይ ሲወጡ ሞተሩ ገና ከከተማ ሳይርቁ ያንኳኳ ጀመር። ዳገቱ ላይ አንድ ነገር ኳ ብሎ ተሰበረና መኪናዋ ቀጥ አለች። የገበሬ ማኅበራት ስብሰባ የሚጠብቃቸው ጓድ ደሞዜ ከመንገድ ዳር በተለመነ በቅሎ፣ ሱፋቸውን እንደለበሱ፣ እግራቸው እየተንጠለጠለ ሄዱ። ማንም ሳያይ ሙላቴ አንዱን ካንዴላ ፈታው፤ ጫፉ ተጣሞ ነጭ ሸክላው ረግፏል። ያኔ ገባው። በጭነት መኪና ተስበው ሲመለሱ፣ ጀምበር ሳትጠልቅ ግቢው ውስጥ ረጃጅሞቹን አውጥቶ አሮጌዎቹን መለሰ። ማክሰኞ ጠዋት ጓድ ደሞዜ ሠራተኛውን ሰብስበው «ይህን ሞተር መጨረሻ የነካው ማን ነው?» አሉ። ሙላቴ «ጋሽ ካሳው ናቸው ካርቡራተሩን የፈቱት» አለ። ውሸት አልነበረም፤ ከሁለት ሳምንት በፊት ፈትተውታል። ጋሽ ካሳው ተጠርተው መጡ፤ ሞተሩን ከፍተው ካንዴላዎቹን አንድ በአንድ አውጥተው አዩ፤ «ፒስተኑ ተመትቷል» አሉ እንጂ ሌላ አልጨመሩም። ከቀትር በፊት ጠበንጃ የያዙ ሁለት ሰዎች መጥተው ወሰዷቸው።

የታሰሩት የቀበሌው ስኳርና ሳሙና በሚከማችበት ክፍል ነው። የወሩ ኮታ ስላልመጣ ክፍሉ ባዶ ነበር። ጋሽ ካሳው ባዶ ጆንያ አጥፈው ተቀምጠውበታል፤ እጃቸው ማክሰኞ ዕለት የነካውን ግራሶ እንደያዘ ነው። «ሳሙና ቤት ታስሬ እጅ መታጠቢያ ሳሙና አጣሁ» አሉና ሳቁ። ሙላቴ ቋጠሮውን ሰጣቸው።

«ብርድ ልብሱ ይበቃዎታል ወይ ብላለች ጥሩወርቅ።»

«ይበቃኛል በላት። አታስብ በላት። መኪናዋስ? ሞተሩን ሸፍነሃል?»

«በሸራ ሸፍኛታለሁ።»

«ካንዴላውስ?» አሉ ጋሽ ካሳው ቋጠሮውን እየፈቱ። «ቅዳሜ ባሕር ዳር ወርደህ አልነበር? ገዛህ?»

በሩ ላይ የቆመው ጠባቂ ወደ ውጪ ነበር የሚያየው። ክፍሉ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ሙላቴ ከዚህ የተሻለ ጊዜ እንደማያገኝ አወቀ፤ ምላሱም ተንቀሳቅሶ ነበር። «አላገኘሁም» አለ።

ጋሽ ካሳው እንጀራውን ቆርሰው ጎረሱ፤ ብዙ ጊዜ አኘኩ። «እንግዲህ ስትገዛ» አሉ፣ ጋራዥ ውስጥ ሲያስተምሩት በነበረው ድምፅ፣ «አሮጌውን አውጣና ከአዲሱ ጎን አቁመው። ጥርሱ ያለበትን አንገቱን እይ። ቁመታቸው እኩል ካልሆነ አትግዛ። ለዚህች መኪና ልኳ አጭሩ ነው። ረጅሙ ሲያዩት ብርቱ ይመስላል፤ ውስጥ ሲገባ ግን ከፒስተኑ ይጋጫል። ያላወቁትን መጠየቅ ነውር የለውም ሙላቴ። እኔም ጠይቄ ነው ያወቅሁት።»

«እሺ» አለ ሙላቴ። ባዶውን ጨርቅ እንኳ ሳይቀበል ወጣ።

መሥሪያ ቤት ሲደርስ የሚነዳው መኪና ስለሌለ የሚሠራው ሥራ አልነበረውም። ሸራ በለበሰችው ቮልስዋገን አጠገብ ፀሐይ ላይ ተቀመጠ። ጸሐፊዋ ፈንታነሽ በመስኮት በኩል አየችውና «አይዞህ፤ የሚስት ወንድም እኮ እንደ ራስ ወንድም ነው» አለችው። ሰው ሁሉ የሚያዝንለት ለእሱ ነበር። ከሁሉ የከበደው ይኼ ነው። ትናንት መዝገብ ቤት ያለው ይርጋ በአማቹ መታሰር ተክዞ ይሆናል ብሎ ሻይ ጋብዞታል፤ ጠጥቶለታል፤ ስኳር እንኳ ጨምር ሲለው ጨምሯል። ካፈርኩ አይመልሰኝ የሚሉት ይህን ይሆናል እያለ ያስብ ነበር። መጀመሪያ ያሳፈረው ነገር ከካንዴላ አንገት ያልበለጠች ትንሽ ነገር ነበረች፤ አንድ ጊዜ «አላውቅም» ቢል ኖሮ የሱቅ ሳቅ ነው፣ ከበር ሲወጡ ይረሳል። አሁን ግን እያንዳንዱ ቀን የራሱን እየጨመረ፣ የመጀመሪያዋን እፍረት ለመሸፈን የተቆለለው ከእሷ በልጦ ተቀምጧል።

ለምሳ ሰው ሲበተን እሱ ከሳጥኑ ሥር ደብቋቸው የነበሩትን፣ ዛሬ ጠዋት ኪሱ የከተታቸውን አራቱን ረጃጅም ካንዴላዎች ይዞ ከመሥሪያ ቤቱ ጀርባ ወዳለው ገደል ወረደ። ሊጥላቸው ነበር። አንድ ጊዜ ከተጣሉ በኋላ የሚመሰክርበት ነገር በምድር ላይ አይኖርም። አፋፉ ላይ ቆሞ አንዱን አወጣ፤ ጫፉ የተጣመመውን። ከታች ወንዙ ዳር ሁለት ሴቶች ልብስ ያጥቡ ነበር፤ አንደኛዋ ቀና ብላ «ምን ጠፍቶህ ነው ወንድሜ? እናግዝህ?» አለችው። «ምንም» ብሎ መልሶ ኪሱ ከተተው። ሴቲቱ ባታየው ይጥለው ነበር ወይስ አይጥለውም፣ እስከ ዛሬ ድረስ ለራሱም እርግጠኛ ሆኖ መናገር አይችልም።

ስብሰባው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተጀመረ። ሃያ የሚሆን ሰው በሦስት ረድፍ አግዳሚ ተቀምጧል፤ ፊት ለፊት ቀይ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ፣ ከኋላው የባለ ጢሞቹ ሥዕሎች። ጋሽ ካሳው ከግድግዳው ጥግ ለብቻቸው ዱካ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከጠባቂው ጋር ሲመጡ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አድርገውታል። ጓድ ደሞዜ ወረቀቱን አነበቡ። የሕዝብ ንብረት የሆነች መኪና፣ ለገበሬው ምርጥ ዘር የሚከፋፈልበትን ስብሰባ ለማደናቀፍ፣ ሆን ተብሎ በተፈጸመ አሻጥር። ንባቡ ረጅም ነበር። ሲጨርሱ «ምስክር አለ፤ ጓድ ሙላቴ፣ ተነሥ» አሉ።

ሙላቴ ተነሣ። ከምሳ ጀምሮ ያሰናዳው ቃል ነበረው፤ «የገዛሁት እኔ ነኝ፣ የገጠምኩትም እኔ ነኝ» የሚል፤ አጭር ነው። ነገር ግን አፉን ሲከፍት የወጣው በየሳምንቱ እዚያ ክፍል ውስጥ ሲባል የሚሰማው ሆነ። «እኔም ግለ ሂስ አለብኝ» አለ። «እንደ ሹፌርነቴ የሕዝብን ንብረት በንቃት አልጠበቅሁም። የጥንቃቄ ጉድለት አሳይቻለሁ። ጥፋት አለብኝ።» ጓድ ደሞዜ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጥሩ ነው። ጓድ ሙላቴ ዝምድና ሳይዘው ራሱን መሄሱ ለሌሎቻችን አርአያ ነው። ፈንታነሽ፣ ቃለ ጉባኤው ላይ ይግባ» አሉ። ይርጋ ማጨብጨብ ጀመረ፤ ሌላውም ተከተለው። ሙላቴ ጭብጨባው እስኪያልቅ ቆሞ ምን እንደሚያደርግ ሲጠፋው ተቀመጠ። ተናዘዘ፤ ማንም አልሰማውም፤ ጭራሽ አጨበጨቡለት። ጋሽ ካሳው ወለሉን ነበር የሚያዩት።

«አንተስ ምን ትላለህ?» አሏቸው ጓድ ደሞዜ።

ጋሽ ካሳው ተነሥተው ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «እኔ የማውቀው» አሉ፣ «የከፈትኩትን መዝጋቴን ነው። አሻጥር የምትሉትን አላውቀውም። ግን ሞተሩ ተሰብሯል፤ የሰበረውም የሰው እጅ ነው። በእኔ እጅ ነው ብላችሁ ነገሩ የሚያልቅ ከሆነ፣ በቸልታ ነው ብላችሁ ጻፉና ልፈርም። አሻጥር ግን አትበሉ፤ ለእኅቴ ስም ነውር ነው።»

ክፍሉ ውስጥ ሰው ተንቀሳቀሰ፤ አግዳሚው ሲጥ ሲጥ አለ። ጓድ ደሞዜ «አመነ ማለት ነው፤ ጻፊው» አሉ። ፈንታነሽ ጻፈች። ወረቀቱና ብዕሩ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተደረገ። ጋሽ ካሳው መነጽራቸውን ቤታቸው ትተውት ስለታሰሩ ወረቀቱን ራቅ አድርገው ያዩት ጀመር፤ ጣታቸውን የሚፈርሙበት ቦታ ላይ አኖሩ። ግራሶ የያዘው ጣት ነጩ ወረቀት ላይ ጥቁር ምልክት ተወ።

«አይፈርሙ!» አለ ሙላቴ።

እንዴት እንደተነሣ አያውቅም። አግዳሚውን ዘሎ፣ የሰው ጉልበት ገፍቶ ጠረጴዛው ጋ ደረሰና አራቱን ካንዴላዎች ቀዩ ጨርቅ ላይ ደረደራቸው። አንዱ ተንከባሎ ወደቀ፤ ጎንበስ ብሎ አንሥቶ ከሌሎቹ ጋር አቆመው። «እነዚህ ናቸው የሰበሩት» አለ። «ልክ አይደሉም፤ ረጃጅም ናቸው። እኔ ነኝ የገዛኋቸው። እኔ ነኝ እሑድ የገጠምኳቸው። ሰኞ ደግሞ እኔ ነኝ አውጥቼ አሮጌዎቹን የመለስኩት፣ እንዳይታወቅብኝ። ጋሽ ካሳው ምንም አላደረጉም። አጭሩን ግዛ ብለው ናሙና ሰጥተውኝ ነበር፤ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ሰው ፊት ማውጣት አፈርኩ።»

«የት ነው የገዛኸው?» አሉ ጓድ ደሞዜ።

«ባሕር ዳር። ቅዳሜ።»

ጓድ ደሞዜ ሌላ ጥያቄ ሊጠይቁ አፋቸውን ከፍተው ተዉት። የተጣመመውን ካንዴላ ያነሡትን ያህል ቶሎ መልሰው አስቀመጡት። ሱቁ ውስጥ የሳቁትን ሳቅ አስታወሱ፤ ሙላቴ ማስታወሳቸውን ከዓይናቸው አየ፤ እሳቸውም እንዳየ ዐወቁ። ሌላው ሰው የሚያየው ጠረጴዛው ላይ የቆሙትን አራት ብረቶች ነበር። ማንም አላጨበጨበም። ይርጋ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ነበር። ጓድ ደሞዜ ወረቀቱን አጠፉና «ጉዳዩ በአስተዳደር ይታያል፤ ስብሰባው ተዘግቷል» አሉ። በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር ሳይሉ «ቁልፉን ለመዝገብ ቤት አስረክብ» አሉት። የመኪናዋን ቁልፍ አስረከበ። ይርጋ ቀና ሳይል ተቀበለው፤ ትናንት ሻይ የጋበዘው ሰው አይመስልም ነበር።

ጋሽ ካሳው ቀበሌ ሄደው የመፈቻቸውን ወረቀት ፈርመው፣ ብርድ ልብሳቸውን ይዘው ሲወጡ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል። ሙላቴ ውጪ ቆሞ ጠበቃቸው። ብርድ ልብሱን ሊቀበላቸው እጁን ሲዘረጋ ሰጡት፤ ቁልቁለቱን ጎን ለጎን ወረዱ። ገበሬዎች ከገበያ እየተመለሱ ነበር፤ አህዮቹ መንገዱን ስለያዙት ሁለቱ አንዳንዴ ይለያያሉ፣ መልሰው ይገናኛሉ። ሙላቴ ይቅርታ የሚልበትን ቃል ሲፈልግ ሦስት መታጠፊያ አለፈ።

«ጋሽ ካሳው፣ እኔ...»

«ማክሰኞ ነው ያወቅሁት» አሉ ጋሽ ካሳው ሳያስጨርሱት። «አሮጌዎቹን ስፈታ በጣቴ ወጡልኝ። ዓመት ሙሉ የተቀመጠ ካንዴላ በጣት አይወጣም፤ ገና የገባ ነው። ያንን ሳይ ፒስተኑን የመታው ምን እንደሆነ ገባኝ።»

ሙላቴ ቆመ። «ታዲያ ምነው ዝም አሉ? እዚያው ቢናገሩ ኖሮ አይታሰሩም ነበር።»

«እኔ ከተናገርኩት አንተ ምን ትናገር ነበር?» አሉ ጋሽ ካሳው። «ዛሬ ይነግረኛል ስል ዋልኩ ማክሰኞ። ረቡዕም አልኩ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ጠየቅሁህ።» ቁጣ የለበትም፤ የድካም ድምፅ ነበር። «ልፈርም ስል የምሬን ነበር፤ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ና እንሂድ፣ ልጅቱ ትጠብቀናለች።» ሙላቴ ከኋላ ከኋላ ተከተላቸው። ቢሰድቡት፣ ሰው ፊት በጥፊ ቢመቱት ይሻለው ነበር።

ወሬ ቀድሟቸው ደርሷል። ብዙነሽ ደጃፏ ላይ ቆማ ጋሽ ካሳውን «እንኳን ለቤትዎ አበቃዎት» አለቻቸው፤ ሙላቴን ግን እንዳላየ ሰው አለፈችው። ጥሩወርቅ ከበሩ ወጥታ የወንድሟን አንገት አቅፋ ብዙ ቆየች፤ አላለቀሰችም። አስገብታ አስቀመጠቻቸው፤ ውሃ አሙቃ፣ የተረፈች ቁራጭ ሳሙና አምጥታ እጃቸውን አስታጠበቻቸው፤ ግራሶው እስኪለቅ ሦስት ጊዜ አፈሰሰችላቸው። ለባሏም አስታጠበችው። በአንድ ትሪ አቀረበችላቸው። ጋሽ ካሳው «ብላ እንጂ» እያሉ ወደ እሱ ገፉለት፤ እሱም ቆርሶ ያዘ። ስለ ገብሱ አዝመራ አወሩ፣ ማለት ጋሽ ካሳው አወሩ፤ ዘንድሮ በረዶ እንዳልመታው፣ ሰው ቶሎ እንደሚያጭድ። ጥሩወርቅ ዱካዋ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን ጉልበቷ ላይ ሰብስባ ታዳምጣለች።

ከዚያ ጋሽ ካሳው ለመጠጣት ውሃውን ሲያነሡ፣ «መቼ ነው ያወቅኸው?» አለችው ባሏን።

«ተይው ጥሩዬ» አሉ ጋሽ ካሳው። «አለቀ። ተናገረ እኮ።»

«እኔ ምንም አላልኩትም ጋሼ» አለች። ድምፅዋ ከወትሮው አልጨመረም፣ አልቀነሰም። «ቀኑን ብቻ ነው የጠየቅሁት።»

ሙላቴ በእጁ የያዘውን ቁራሽ ትሪው ጠርዝ ላይ አኖረው። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት፤ እሷም ስታየው ነበር።

«ሰኞ» አለ።